ፈረስ ያልጎተተው ሰረገላ

የታሪክ ሙዚየም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በመስታወት ሣጥን የተቆለፈ ዘውድ፣ ጎራዴና ብራና ነው። ነገር ግን ጣሪያም ግድግዳም የሌለው ሙዚየም አለ። በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891፣ አርቱር ሀዜሊዩስ የተባለ ሰው ከየገጠሩ አሮጌ ቤቶችን እያስነቀለ አምጥቶ ስካንሰን በሚባል ቦታ ላይ ተከላቸው። ጎብኚው በቤቶቹ መካከል እየተራመደ አያቶቹ እንዴት እንደኖሩ እንዲያይ ነበር ሐሳቡ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ደግሞ ዊሊያምስበርግ የምትባለው አሮጌ ከተማ ከ1926 ጀምሮ በሮክፌለር ገንዘብ እየታደሰች ሙሉ ከተማዋ ሙዚየም ሆነች። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው ትኬት ቆርጦ በፈረስ በሚጎተት ሰረገላ ላይ ይወጣል። ነጂው የጥንት ልብስ ለብሷል። ፈረሶቹ ኮቴአቸውን እያሰሙ ያዘግማሉ። ጎብኚውም ተመችቶት ተቀምጦ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ የተጓዘ ይመስለዋል።

በኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ሙዚየም ሊሆን የሚችል መሬት አለ። አጥር አልታጠረለትም፣ ትኬትም አይቆረጥበትም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለው ከጋፋት ኮረብታ ተነስቶ፣ በጉና ተራራ ጥግ አልፎ፣ ጋይንትን አቋርጦ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዘቢጥና ዋድላ ወጥቶ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ላይ የሚያበቃው የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ መንገድ ነው።

በዚህም መንገድ ላይ ሰረገላ ሄዷል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ያንን ሰረገላ የጎተተው ፈረስ አልነበረም።

ሰረገላ በስብከት፣ ፈረስ በጦርነት

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ "ሰረገላ" የሚለውን ቃል ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ነቢዩ ኤልያስ በእሳት ሰረገላ ሲነጠቅ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሉን አይቷል። የፈርዖን ሰረገሎች በኤርትራ ባሕር ሲሰጥሙ ሰምቷል። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ፊልጶስ ሲያገኘው በሰረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። ቃሉ በአገሩ ሺህ ዓመት አልፎታል። ዕቃው ግን በአገሩ አልነበረም።

ምክንያቱን ለማወቅ መሬቱን ማየት ይበቃል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከአናት ቆሟል። ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ስሟን ከነፋሱ አግኝታለች። ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ የሄደ ሰው ቁልቁል እየወረደ እስከ በሽሎ ቆላ ይደርሳል። በክረምት መረሬው አፈር እግር ይይዛል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ድልድይ የለም። እንዲህ ባለ አገር መንኮራኩር ከጥቅሙ ሸክሙ ይበዛል። ስለዚህ ጭነት የአህያና የበቅሎ ድርሻ ሆነ፤ የቀረው የሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። በሬ አረሰ። መኳንንቱ ለረጅም ጉዞ በቅሎ ተቀመጡ።

ፈረስ ከዚህ ሁሉ የተለየ ቦታ ነበረው። ፈረስ ለጦርነት፣ ለጉግስና ለክብር ነው። በሰልፍ ጊዜ ጌታው በበቅሎ እየሄደ ፈረሱን ያስጎትታል፤ ውጊያው ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ ፈረሱ ላይ ይወጣል። የጀግና ስሙም ከፈረሱ ስም ይወጣ ነበር። ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ" የተባሉት ከፈረሳቸው ከታጠቅ ነው። የንጉሥን ስም የሚሸከም እንስሳ ዕቃ እንዲጎትት ማድረግ ለዚያ ዘመን ሰው ነውር ነበር። አባቶች "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላሉ። ከጋፋት እስከ መቅደላ በነበረው ጉዞ ግን ፈረስ ማድረሱም ቀርቶበታል።

ጋፋት

ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ውስጥ ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያንን ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር የሚባሉ ነበሩባቸው። ከእነሱ ጋር ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ቡርጎም ይሠሩ ነበር። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። አጠገባቸውም ሥራ እንዲማሩ የተመደቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩ።

ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1859 ዓ.ም. ትልቁ መድፍ ወጣ። በሩሲያና በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በቱርክ መካከል በተደረገው የክራይሚያ ጦርነት ስሟ በታወቀው ከተማ ስም "ሴባስቶፖል" ተባለ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ፣ በኩንታል ቢቆጠር 70 ነው። በዚያ ዘመን አንድ በቅሎ የምትችለው አንድ ኩንታል ከምናምን ነበር። መድፍ ደግሞ እንደ እህል በየስልቻው ተከፋፍሎ አይጫንም። ስለዚህ ጋፋት ላይ ከመድፉ ጋር ሌላም ነገር መሠራት ነበረበት፤ ከባድ ጋሪ፣ ከእነ መንኮራኩሩ።

መንኮራኩር ብቻውን አይሄድም፤ መንገድ ይፈልጋል። መንገዱ ግን አልነበረም።

ስድስት ወር

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሱ። ያኔ ሥልጣናቸው ከሰፈራቸው ብዙም አይዘልም ነበር። በቋራ ዘመናቸውና በንግሥናቸው መጀመሪያ የተከተላቸው ብዙ ሺህ ወታደር ከድቷል። ጎጃም፣ ላስታ፣ ትግሬና ሸዋ ከእጃቸው ወጥተዋል። ጎንደር ባለፈው ዓመት በእሳቸው ትእዛዝ ተቃጥላለች። በጌምድር ራሱ አምጿል። ከቀይ ባሕር በኩል ደግሞ የታሰሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት የእንግሊዝ ጦር ሊመጣ ነው። የቀረችው መቅደላ ነበረች፤ መድፎቹ መቅደላ መድረስ አለባቸው።

ጉዞው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሰዎች ወደ ፊት ሄደው ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፣ ድንጋይ ይፈነቅላሉ፣ ዳገቱን እየቆረሱ ጠመዝማዛ መንገድ ያወጣሉ። ቋጥኝ ሲያጋጥም በባሩድ ይፈነዳል። ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የጠፍር ገመዱን ይይዛሉ፤ ጋሪው ትንሽ ይሄዳል። ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከመንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ ይገባል። እንደገና ይጎተታል። ቁልቁለት ሲመጣ ሥራው ይገለበጣል፤ ያው ሰው ከኋላ ሆኖ ገመዱን እየያዘ 7 ቶኑ ተምዘግዝጎ ገደል እንዳይገባ ይገታዋል። ንጉሡ ራሳቸው ከሰው መሐል ገብተው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር በዘመኑ አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

ደብረ ታቦርን ከለቀቁ በኋላ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ወደ 170 ቀን ማለት ነው። ርቀቱ ለቀኑ ሲካፈል በቀን አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ይደርሳል። በቅሎ ያለው ሰው በአንድ ሳምንት የሚጨርሰውን መንገድ መድፉ በግማሽ ዓመት ጨረሰው። የጅዳ ገደል ብቻ ወደ 1,000 ሜትር መውረድና ያንኑ ያህል መውጣት ይጠይቃል፤ ከዚያ ደላንታን አልፎ በሽሎ ደግሞ ሌላ ያንን ያህል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። ይህ ጉዞ የተረቱን ግማሽ ያረጋግጣል፤ አንድ ሰው የማያስበውን ብዙ ሰው አድርጎታል። ግማሹ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ተረቱ ሃምሳዎቹ ሰዎች ሎሚውን ወደው እንደያዙት አድርጎ ይናገራል። የሴባስቶፖልን ገመድ የያዘው ሰውስ? አንዱ በእምነት፣ አንዱ በፍቅር፣ አንዱ በፍርሃት፣ አንዱም የሚሸሽበት አገር ስላጣ ይዞት ይሆናል። ሠራዊቱ በሄደበት የሚበላው የገበሬውን እህል ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የበጌምድር ገበሬ መድፍ ባይጎትትም ጎተራው ተጎትቷል።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ታሪክ ችግር ያለው። ቴዎድሮስን የሚወድ ሰው መንገዱን የቆራጥነት ሐውልት ያደርገዋል። የሚጠላቸው ደግሞ የጭካኔ ማስረጃ ያደርገዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ንጉሡ ነው። ገመዱ ጫፍ ላይ ስለነበረው ሰው የሚያወራ ጥቂት ነው። በዘመኑ በተጻፉት የአውሮፓውያን መጻሕፍት ውስጥ የጋፋት ነጮች እያንዳንዳቸው በስም ይጠራሉ፤ ገመድ ጎታቹ ግን የሚገባው በቁጥር ነው።

የገባውና የወጣው

በሌላ በኩል የሚመጣው ጦርም ከባድ መሣሪያ ይዞ ነበር። ጄኔራል ናፒየር ከቦምቤይ በመርከብ ያሻገረው ሠራዊት ዙላ ላይ ወርዶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። መድፎቹንና ሞርታሮቹን ግን ሰው አልጎተታቸውም። ከህንድ 44 ዝሆኖች መጥተው ነበር፤ ሌላውን በሺዎች የሚቆጠሩ በቅሎዎች ተሸከሙት። ዋድላ ደጋ ላይ ሲደርሱ እንግሊዞቹ ያልጠበቁት ነገር አገኙ፤ ተዘጋጅቶ የቆየ መንገድ። ቴዎድሮስ መድፋቸውን ለማሳለፍ የቆረሱት መንገድ ነበር። ጅዳን የወረዱት በእሱ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርክሃም መንገዱን በአድናቆት መዝግቦታል። የበጌምድር ሰው ለንጉሡ መድፍ የቆረሰው መንገድ የንጉሡን ጠላት አደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ውጊያው ሆነ። ከጋፋት መድፎች ትልቅ የነበረው አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ የመቅደላ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዘረፈ። ብራናውን፣ ዘውዱንና ጽዋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ።

ወደ መቅደላ የገባውን ሰው ጎተተው። ከመቅደላ የወጣውን እንስሳ ተሸከመው። ሴባስቶፖል ብቻ እዚያው ቀረ። ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ብዙ ሰው በአምሳያው አጠገብ በታክሲ ሲያልፍ የሚያየው አፈሙዙን ነው። መድፉን መቅደላ ያደረሰው ግን ገመዱ ነበር፤ ገመዱ ደግሞ በሐውልቱ ላይ የለም።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ፈረስ

ጋይንትና አካባቢው በፈረስ ታሪክ ውስጥ አንድ ሌላ ቀንም አላቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር አንቺም ላይ ገጠሙ። ቦታው ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ በዘቢጥ በኩል ነው። የራስ ሙሉጌታ ጦር በምድር፣ አውሮፕላን በሰማይ መጣ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ወረቀት በተነ፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያ ቀን ወደቁ። በሁለተኛው ቀን የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ጫኑ። በበዓሉ ንጉሠ ነገሥቱ በፈረሶች በሚጎተት ያማረ ሰረገላ ታዩ። በዘመኑ የነበሩ ጋዜጠኞች ሰረገላው ቀድሞ የጀርመኑ ካይዘር ንብረት እንደነበር ጽፈዋል።

እነዚህ ሁለት ፈረሶች በአንድ ዓመት ውስጥ መታየታቸው ብዙ ይናገራል። በጋይንት ጥግ ፈረስ የጦር መሣሪያነቱን በአውሮፕላን ተነጠቀ። በዋና ከተማው ደግሞ ፈረስ ጌጥ ሆነ። ፈረስ ለመጎተት የተፈቀደለት ከጦርነት ሥራው ከተሰናበተ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ተራው ሰውም በፈረስ ጋሪ መሄድ ጀመረ፤ ግን ሜዳ ባለበት አገር ነበር። ደብረ ዘይት፣ ናዝሬትና አዋሳ የባለጋሪ ከተሞች ሆኑ። "ጋሪ" የሚለው ቃል ከህንድ ቋንቋዎች የመጣ ነው። ዛሬ ጋሪውን ከከተማ እያስወጣ ያለው ባጃጅም ከህንድ የመጣ ነው። ስማዳ ቁልቁለት ላይ ግን ጋሪውም አልደረሰ።

በሰረገላው ላይ ማን ይቀመጣል?

አሁን ወደ ዊሊያምስበርግ መመለስ ያስፈልጋል። ያቺ ከተማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ባሪያዎች። ሙዚየሙ ተከፍቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን ለጎብኚው የሚነገረው የጌቶቹ ታሪክ ነበር። ሰረገላው ይዞራል፣ ፈረሱ ያምራል፣ ቤቱ ተቀብቷል። ፈረሱን ያጠበው፣ ሰረገላውን የነዳው፣ ቤቱን የጠረገው ሰው ግን ከታሪኩ ወጥቷል። የባሪያዎቹን ሕይወት በሥርዓት ማሳየት የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ብዙ ጎብኚ አልተመቸውም። ሙዚየሙ ግን ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛ ሙዚየም መሆን የጀመረው።

ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል። አንድ ቀን ሰላም ሆኖ፣ ጎብኚ መጥቶ፣ ከጋፋት ወደ ጋይንት የሚሄደው የቴዎድሮስ መንገድ የሜዳ ሙዚየም ቢሆን፣ መጀመሪያ ለሰው የሚመጣለት ሐሳብ ያሸበረቀ ፈረስና ያማረ ሰረገላ ማቆም ይሆናል። ፎቶውም ያምራል፣ ለአካባቢው ወጣትም እንጀራ ይሆናል። ይህ አይናቅም። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ጎብኚውን በፈረስ ሰረገላ አስቀምጦ መውሰድ የታሪኩን ዋና ነገር መገልበጥ ነው። በ1860 ዓ.ም. በዚያ ሰረገላ ላይ የተቀመጠው ብረት ነው። የሚጎትተው ሰው ነበር።

እውነተኛው ሙዚየም ለጎብኚው ወንበር ሳይሆን ገመድ ይሰጣል። ዳገት ላይ አንድ ከባድ ጋሪ ይቆማል። "ኑ፣ አሥር ሜትር ሳቡት" ይባላል። አሥር ሜትር ስበው ትንፋሽ ያጠራቸው ልጆች 170 ቀን ማለት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ በላይ ይገባቸዋል። መንገዱ የጀግንነት ነው ወይስ የመከራ የሚለውንም ክርክር ክንዳቸው ይመልስላቸዋል፤ ሁለቱም እንደነበረ ያውቃሉ።

ገና ያልተለቀቀ ገመድ

ይህን ሁሉ የድሮ ወሬ ነው የሚል ሰው ካለ ወደ ስማዳ ይውረድ።

በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርገው እስከ ወልድያ መንገድ ሠሩ፤ ኋላም አስፋልት ለበሰ። መኪናው የቴዎድሮስን ስድስት ወር ወደ ጥቂት ሰዓት አወረደው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ የገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከተማዋ ተጎዳች፣ ሰዎቿ ተበደሉ። መንገድ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ይህን ናፒየር ጅዳን የወረደ ቀን ታይቷል።

ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ ግን መንኮራኩር ዛሬም እንግዳ ነው። ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው በቃሬዛ ነው። ጎረቤት ይጠራራል፣ ሁለት አጣና ይቆረጣል፣ ጋቢ ይታሰራል፣ ስምንት አሥር ሰው እየተቀባበለ ዳገቱን ይወጣል። እዚህ ግን ወታደር የለም፣ ትእዛዝ የለም፣ ጅራፍ የለም። ዛሬ የተሸከመ ነገ የእሱ ሚስት ተራ እንደሚደርስ ያውቃል። የሃምሳው ሎሚ ተረት ሙሉ በሙሉ እውነት የሚሆነው እዚህ ነው።

ያም ሆኖ ይህን አድንቆ ማለፍ አይገባም። መተባበሩ ያስከብራል፤ አምቡላንስ አለመድረሱ ግን ያሳፍራል። ከ150 ዓመት በፊት አንድ መንግሥት ለ7 ቶን ብረት ሲል ተራራ ቆርሶ መንገድ ከፍቷል። ለአንዲት ወላድ ሲባል ያንን ያህል ቁርጠኝነት መጠየቅ ብዙ አይደለም።

የሙዚየሙ ነገር ሲነሳም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ይሁን። ጎብኚ በፈረስ ሰረገላ የሚሄድበት ማለፊያ መንገድ ከመሠራቱ በፊት፣ የገመድ ጎታቾቹ የልጅ ልጆች በሽተኛቸውን በመኪና የሚያደርሱበት መንገድ ይሠራ። የዚያን ጊዜ ቃሬዛው ከሰው ትከሻ ወርዶ ሙዚየም ይገባል፤ ከሴባስቶፖል ገመድ አጠገብ ይሰቀላል። ቦታው እዚያ ነው።